ከካሜራው ፊትና ከቀረጻ በኋላ፦ ተጨባጭና ኮምፒውተር-ወለድ የፊልም ኢፌክቶች የሚለዩበት ድንበር

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በፊልም ሥራ ውስጥ «ተጨባጭ» እና «ኮምፒውተር-ወለድ» ተብለው የሚለዩትን ኢፌክቶች ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በተለምዶ እንደሚቀርበው የእውነትና የሐሰት፣ ወይም የአሮጌና የአዲስ ስልት ልዩነት ሳይሆን፣ ስለ ምስሉ ውሳኔ የሚሰጥበት ጊዜና ለምስሉ የሚያስፈልገው መረጃ የሚገኝበት መንገድ ልዩነት ነው የሚል ነው። ለማስረጃነት «ጁራሲክ ፓርክ» (1993)፣ የ«ዘ ቲንግ» ቅድመ-ታሪክ (2011)፣ «ማድ ማክስ፦ ፊዩሪ ሮድ» (2015) እና ጥቂት የቅርብ ጊዜ ሥራዎች ተወስደዋል። በመጨረሻም ንጽጽሩ የማስታወቂያ መሣሪያ ሲሆን የባለሙያዎችን ድካም እንዴት እንደሚሰውርና ለተመራማሪው ምን ዓይነት የምንጭ ችግር እንደሚያስከትል ይገለጻል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

ስለ ፊልም በሚደረጉ ውይይቶች ውስጥ ተደጋግሞ የሚሰማ ፍርድ አለ፤ «የድሮዎቹ ፊልሞች በእጅ የተሠሩ ስለ ነበሩ ያሳምናሉ፣ የዛሬዎቹ ግን በኮምፒውተር ስለሚሠሩ ክብደት የላቸውም» የሚል። ፍርዱ ከተራ ተመልካች አልፎ በሃያስያን ጽሑፍና በተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት ውስጥ ጭምር እንደ ተረጋገጠ ነገር ሲጠቀስ ይታያል። ይሁን እንጂ ፍርዱ የሚቆመው ሁለቱ ስልቶች በግልጽ የሚለዩ፣ አንዱ ባለበት ሌላው የሌለ እንደሆኑ በመገመት ነው። ይህ ግምት በፊልም ሥራ ታሪክ የሚደገፍ አይደለም።

ለውይይቱ ያህል ቃላቱን እንወስን። ተጨባጭ ኢፌክት የምንለው በቀረጻ ጊዜ በካሜራው ፊት በአካል የሚገኘውን ነው፤ ሜካኒካዊ አሻንጉሊት፣ ሰው ሠራሽ ቆዳና ቁስል፣ አነስተኛ ሞዴል፣ እውነተኛ እሳትና ፍንዳታ፣ ሰው ሠራሽ ዝናብ የመሳሰለውን። ኮምፒውተር-ወለድ ኢፌክት ደግሞ በካሜራ ፊት ያልነበረ፣ ቅርጹም ብርሃኑም እንቅስቃሴውም በስሌት ተፈጥሮ ከተቀረጸው ምስል ጋር የሚዋሃድ ነው። በእነዚህ ሁለት መካከል ሦስተኛ ሥራ አለ፤ እርሱም በተለያየ ጊዜና ቦታ የተገኙ የምስል ንብርብሮችን ወደ አንድ ምስል የማጣመር ሥራ ነው። ከዲጂታል ዘመን በፊት ይህ ሥራ በፊልም ማባዣ መሣሪያዎች ይከናወን ነበር። የ1933ቱ «ኪንግ ኮንግ» ዊሊስ ኦብራየን በየፍሬሙ ያንቀሳቀሳቸውን አሻንጉሊቶች ከተዋንያን ጋር ያገናኘው በዚሁ የማጣመር ጥበብ ነው። ስለዚህ «ንጹሕ» የተባለው የቀድሞ ዘመን ራሱ የተጣመሩ ምስሎች ዘመን ነበር።

የ«ጁራሲክ ፓርክ» ትምህርት

በሁለቱ ስልቶች መካከል የዘመን ድንበር ሆኖ የሚጠቀሰው በስቲቨን ስፒልበርግ የተዘጋጀው «ጁራሲክ ፓርክ» ነው። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት ግን ለ15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ሲሆን ከዚህም ውስጥ በኮምፒውተር የተፈጠረው ከግማሽ በታች ነው። «የኮምፒውተር አብዮት» ተብሎ የሚታወሰው ፊልም በይዘቱ በአብዛኛው የብረት፣ የሞተርና የላቴክስ ሥራ መሆኑ በራሱ ትኩረት የሚሻ ነው።

የመጀመሪያው ዕቅድ ኮምፒውተርን ያን ያህል አይጨምርም ነበር። በቅርብ የሚታዩትን እንስሳት የስታን ዊንስተን ወርክሾፕ በሙሉ ቁመታቸው በሜካኒካዊ አሻንጉሊትነት እንዲሠራቸው፣ በሩቅ ሙሉ አካላቸው የሚታይባቸውን ሾቶች ደግሞ ፊል ቲፔት በጎ-ሞሽን ስልት እንዲያዘጋጃቸው ታቅዶ ነበር። ጎ-ሞሽን የስቶፕ ሞሽን ማሻሻያ ነው። በስቶፕ ሞሽን አሻንጉሊቱ በየፍሬሙ መካከል በእጅ ይንቀሳቀሳል፤ ካሜራው ሲያነሳው ግን ቆሞ ስለሚገኝ እያንዳንዱ ፍሬም ከመጠን በላይ ጥርት ብሎ እንቅስቃሴው የሚቆራረጥ ይመስላል። በጎ-ሞሽን ግን ሞተሮች አሻንጉሊቱን የካሜራው መዝጊያ ክፍት እያለ ስለሚያንቀሳቅሱት፣ በእውነተኛ ሩጫ ላይ የሚታየው የምስል ብዥታ በፍሬሙ ላይ ይሰፍራል።

በኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ኩባንያ ውስጥ ስቲቭ ዊሊያምስና ማርክ ዲፔ የቲራኖሶረስ አጽም ሲራመድ የሚያሳይ የኮምፒውተር ሙከራ አዘጋጁ። በዴኒስ ሚውረን የሚመራው ቡድን ሥራውን ወደ ሙሉ አካል ካሳደገው በኋላ የሩቅ ሾቶቹ ከጎ-ሞሽን ወደ ኮምፒውተር ተዛወሩ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆምና አሮጌው በአዲሱ እንደ ተሸነፈ ተደርጎ ይተረካል። የቀጠለው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ቲፔት ከፊልሙ አልወጣም፤ የዳይኖሰሮቹን እንቅስቃሴ የሚመራ ባለሙያ ሆኖ ቆየ። አሻንጉሊት በማንቀሳቀስ የሠለጠኑ ባለሙያዎችም ችሎታቸውን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡበት መሣሪያ ተሠራላቸው። መሣሪያው መገጣጠሚያዎቹ ላይ መለኪያ የተገጠመለት የብረት አጽም ሲሆን፣ ባለሙያው በእጁ ሲያጣምመው የእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ማዕዘን እየተመዘገበ በስክሪኑ ላይ ያለውን እንስሳ ያንቀሳቅሳል። በዚህ መንገድ ከተሠሩት ሾቶች አንዱን «በእጅ የተሠራ» ወይስ «በኮምፒውተር የተሠራ» ብለን እንመድበው? የጥያቄው አስቸጋሪነት ምደባው ራሱ እንደማይበቃ ያሳያል።

ቲራኖሶረሱ በዝናብ ሌሊት ከአጥሩ የሚወጣበት ትዕይንት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እንስሳው በሙሉ አካሉ በመንገዱ ላይ ሲራመድ የምናየው የስሌት ውጤት ነው፤ ጭንቅላቱ ወደ መኪናው ተጠግቶ የጣሪያውን መስታወት ሲገፋ የምናየው ደግሞ 12 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውና በሃይድሮሊክ የሚንቀሳቀሰው ግዙፍ መሣሪያ ነው። ሁለቱ በቅንብር ሲፈራረቁ ተመልካቹ አንድ እንስሳ ብቻ ያያል። ይህም የሆነው እያንዳንዱ ስልት የሌላውን ድካም ስለሸፈነ ነው። መሣሪያው መሮጥ አይችልም፤ ነገር ግን ከመኪናው ጋር በእውነት ይነካካል፣ የዝናቡ ውኃ በቆዳው ላይ በእውነት ይፈስሳል፣ ተዋንያኑም የሚመለከቱት ነገር አላቸው። የኮምፒውተሩ እንስሳ ሊነካ አይችልም፤ ሆኖም ይራመዳል፣ ይሮጣል። ከዚህም በላይ መሣሪያው በዚያው ዝናብና በዚያው መብራት ሥር በመቀረጹ፣ እርጥብ ቆዳ ብርሃንን እንዴት እንደሚመልስ ለኮምፒውተር ባለሙያዎቹ የሚታይ ምሳሌ ሆኗል።

ተጨባጭ ሥራ የራሱን ዋጋ ማስከፈሉም በዚሁ ትዕይንት ታይቷል። የመሣሪያው ቆዳ ከላቴክስ አረፋ የተሠራ በመሆኑ የዝናቡን ውኃ እንደ ስፖንጅ መጠጠ። ክብደቱ ከታሰበው በላይ ሲጨምር መሣሪያው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሠራተኞቹም በቀረጻ መካከል ቆዳውን ለማድረቅ ተገደዱ። እውነተኛ ቁስ እውነተኛ ጠባይ አለው፤ ለምስሉ አሳማኝነት የሚሰጠውም ሥራውን የሚያሰናክለውም ይኸው ጠባይ ነው።

መረጃ ከየት ይመጣል? የብርሃን ጥያቄ

አንድ ኢፌክት ዓይንን የሚያሳምነው ከምን የተነሣ ነው? በአመዛኙ ሦስት ነገሮች ይጠቀሳሉ፤ ብርሃን፣ ክብደትና ንክኪ። ብርሃኑ ከአካባቢው ጋር መስማማት፣ እንቅስቃሴው ለአካሉ ክብደት የሚመጥን መሆን፣ አካሉ የሚነካው ነገር ሁሉም መልስ መስጠት አለበት፤ አሸዋው መጎድጎድ፣ ቅጠሉ መታጠፍ፣ ጥላው በትክክለኛው ስፍራ መውደቅ ይገባዋል። ተጨባጭ ኢፌክት እነዚህን ሦስቱን ያለ ተጨማሪ ድካም ያገኛቸዋል፤ ተፈጥሮ ራሷ ታሰላለታለችና። ኮምፒውተር-ወለድ ኢፌክት ግን እያንዳንዱን ለይቶ ማስላት አለበት፤ ለማስላት ደግሞ መረጃ ያስፈልገዋል።

በዚህ ረገድ ፖል ዴቤቬክ በ1998 ያቀረበው ስልት መሠረታዊ ለውጥ አምጥቷል። በቀረጻው ስፍራ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ኳስ ይቀመጥና በተለያየ የብርሃን መጠን ደጋግሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ኳሱ አካባቢውን በሙሉ ስለሚያንጸባርቅ፣ ከፎቶግራፎቹ ከየአቅጣጫው ምን ያህልና ምን ዓይነት ብርሃን ወደዚያ ስፍራ እንደሚደርስ ማወቅ ይቻላል። ከዚያ በኋላ በኮምፒውተር የተፈጠረው አካል የሚበራው ባለሙያው በግምት ባስቀመጠው መብራት ሳይሆን በስፍራው በተለካው ብርሃን ይሆናል። ይህ አሠራር ዛሬ በፊልም ሥራ የተለመደ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነጥብ ለመከራከሪያችን ወሳኝ ነው። ጥሩ ኮምፒውተር-ወለድ ምስል ከተጨባጩ ዓለም የተላቀቀ ምስል ሳይሆን ከተጨባጩ ዓለም ብዙ መረጃ የወሰደ ምስል ነው። ሳያሳምን የሚቀረውም በአብዛኛው በኮምፒውተር ስለ ተሠራ ሳይሆን በቀረጻ ጊዜ የሚለካ ነገር ስላልነበረ ነው፤ ባዶ አረንጓዴ ክፍል ውስጥ፣ ምን እንደሚመለከት በማያውቅ ተዋናይና ገና ባልተወሰነ ብርሃን የተቀረጸ ሾት ኋላ የሚጨመርለትን አካል የሚያስርበት ነገር የለውም።

የ«ፊዩሪ ሮድ» አሠራር በዚህ ዓይን ሲታይ ግልጽ ይሆናል። የጆርጅ ሚለር ፊልም በአብዛኛው በናሚቢያ በረሃ በ2012 ተቀርጿል። መኪኖቹ በእርግጥ ተሠርተዋል፤ በእርግጥም ተነድተዋል፤ በረጃጅም ምሰሶ ላይ ከመኪና ወደ መኪና የሚወዛወዙት ሰዎችም እውነተኛ ናቸው። በዚህም ምክንያት ፊልሙ የተጨባጭ ሥራ አርማ ተደርጎ ይወደሳል። ይሁን እንጂ በአንድሩ ጃክሰን የተመራው የቪዥዋል ኢፌክት ሥራ 2,000 ያህል ሾቶችን ነክቷል። የአሸዋው ማዕበል፣ የ«ሲታዴል» ግዙፍነት፣ የፉሪዮሳ የተቆረጠ ክንድ፣ የተሰረዙት የደኅንነት ገመዶችና የጎማ ዱካዎች ሁሉ የዚህ ሥራ ውጤቶች ናቸው። ተመልካቹ እነዚህን ሳያስተውል የሚያልፈው በሥራቸው እውነተኛ አቧራ፣ እውነተኛ ፀሐይና እውነተኛ ፍጥነት ስላለ ነው። ተጨባጩ ዲጂታሉን አሰረው፤ ዲጂታሉም ተጨባጩን በሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሳይደርስ እንዲከናወን ረዳው።

ውሳኔ መቼ ይሰጣል? የጊዜ ጥያቄ

ሁለተኛው እውነተኛ ልዩነት ጊዜን ይመለከታል። ተጨባጭ ኢፌክት ከቀረጻ በፊት ውሳኔ ይጠይቃል። አሻንጉሊቱ ምን እንደሚመስል፣ ከየት በኩል እንደሚታይ፣ ምን እንደሚሠራ ሳይወሰን ብረቱ አይቆረጥም። ከተቀረጸ በኋላም ውሳኔው ይጸናል። ኮምፒውተር-ወለድ ኢፌክት ግን ውሳኔን ማዘግየት ይፈቅዳል፤ የፍጥረቱ መልክ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ሊለወጥ ይችላል። ይህ ነፃነት የስልቱ ትልቁ ጸጋ ነው፤ ትልቁ ፈተናም እንዲሁ።

የ«ዘ ቲንግ» ሁለት ፊልሞች ይህን ጎን ለጎን ያሳያሉ። በ1982 በጆን ካርፐንተር የተዘጋጀው ፊልም በወጣቱ ሮብ ቦቲን በተመራው የፍጥረታት ሥራ ይታወቃል። በ2011 በቀረበው ቅድመ-ታሪክ ደግሞ አማልጋሜትድ ዳይናሚክስ የተባለው ወርክሾፕ በዚያው ወግ በርካታ ሜካኒካዊ ፍጥረታት ሠራ፤ ፍጥረታቱም ከተዋንያን ጋር ተቀረጹ። ከቀረጻ በኋላ ግን አብዛኞቹ በኮምፒውተር ምስል ተሸፈኑ ወይም ተተኩ። ወርክሾፑ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዎቹን የሚያሳይ ቪዲዮ ለሕዝብ አቀረበ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው አሌክ ጊሊስም ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ በተጨባጭ ፍጥረታት ላይ የተመሠረተ «ሃርቢንጀር ዳውን» የተባለ ፊልም አዘጋጀ። ጉዳዩ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ይወቀሳል። ነገሩን በጥሞና ለሚያይ ግን ችግሩ የውሳኔ መገለባበጥ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ፍጥረት የታቀደ ብርሃንና የካሜራ አቀማመጥ ለሌላ ዓይነት ፍጥረት እንዲያገለግል ተደርጓል።

ተቃራኒውን ምሳሌ ከጃፓን እናገኛለን። በ2023 የቀረበው «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» በ2024 የኦስካር የቪዥዋል ኢፌክት ሽልማት አግኝቷል። 610 የኢፌክት ሾቶቹን የሠሩት 35 ያህል ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ጠቅላላ ወጪው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደ ነበር አዘጋጁ ታካሺ ያማዛኪ ተናግሯል። ያማዛኪ የፊልሙ ጸሐፊና አዘጋጅ ብቻ ሳይሆን የኢፌክቱም ሥራ መሪ ነበር። ስለዚህ አንድ ሾት ለመጽደቅ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው መመላለስ አላስፈለገውም፤ የሚወስነው ሰው ከሚሠሩት ጋር ነበርና። ስልቱ ኮምፒውተር-ወለድ ቢሆንም የውሳኔው ባሕርይ ግን የአሻንጉሊት ወርክሾፕን ይመስላል። በአነስተኛ አቅም ፊልም ለሚሠሩ አገሮች ከዚህ ሥራ የሚወሰደው ትምህርት ስለ ሶፍትዌር ከሚወሰደው ይልቅ ስለ ሥራ አደረጃጀት የሚወሰደው ነው።

በሌላ በኩል የቅርብ ጊዜ ቴክኖሎጂ የጊዜውን ድንበር ራሱን አዛብቶታል። ከ2019 ጀምሮ በቀረበው «ዘ ማንዳሎሪያን» ተከታታይ ፊልም ተዋንያኑ የሚቆሙት ግዙፍ በሆነ የኤልኢዲ ግድግዳ ተከበው ነው። በግድግዳው ላይ የሚታየው መልክዓ ምድር በኮምፒውተር የተፈጠረ ሲሆን ካሜራው ሲንቀሳቀስ አብሮ አተያዩን ይለውጣል፤ ብርሃኑም በተዋናዩ የብረት ልብስ ላይ በእውነት ያንጸባርቃል። ምስሉ ኮምፒውተር-ወለድ ነው፤ በካሜራው ፊት መገኘቱ ግን ከላይ በሰጠነው ፍቺ መሠረት ተጨባጭ ያደርገዋል። ውሳኔው ደግሞ እንደ አሻንጉሊቱ ሁሉ ከቀረጻ በፊት መሰጠት ይኖርበታል። እዚህ ላይ የሁለትዮሽ ምደባው ፈጽሞ ይፈርሳል፤ የጊዜና የመረጃ ጥያቄዎቹ ግን አሁንም ያገለግላሉ።

ማን ይታያል? የድካምና የዕውቅና ጥያቄ

ንጽጽሩ የውበት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን «ሁሉም ነገር እውነተኛ ነው» የሚለው አባባል የማስታወቂያ ቋንቋ ሆኗል። በ2022 የቀረበው «ቶፕ ገን፦ ማቨሪክ» ተዋንያኑ በእውነተኛ ተዋጊ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠው መቀረጻቸው በስፋት ተነግሮለታል፤ ይህም እውነት ነው። ሆኖም ፊልሙ ከ2,000 በላይ የቪዥዋል ኢፌክት ሾቶች ያሉት ሲሆን ለኦስካርም በዚሁ ዘርፍ ታጭቷል። በታሪኩ መጨረሻ የሚበርረው ኤፍ-14 በአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎት መስጠት ያቆመው በ2006 ነበር፤ በፊልሙ የአየር ላይ ውጊያ ውስጥ እንዲታይ ያደረጉት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ናቸው። የሚገርመው የሥራቸው ፍጹምነት ለመሰወራቸው ምክንያት መሆኑ ነው፤ ጥሩ የሠሩት አይታይም፣ የሚታየው የተበላሸው ብቻ ነው። ተመልካቹም ያስተዋላቸውን ጉድለቶች ብቻ እየቆጠረ ስለ ስልቱ በሙሉ ይፈርዳል።

ይህ መሰወር ከኢኮኖሚ ሁኔታ ጋር ሲገናኝ ክብደቱ ይጨምራል። ሪዝም ኤንድ ሂዩስ የተባለው ኩባንያ በ«ላይፍ ኦፍ ፓይ» ነብር ሥራው በፌብሩዋሪ 2013 የኦስካር ሽልማት ሲቀበል፣ ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ነበር። በሽልማቱ ምሽት ከአዳራሹ ውጭ የሙያው ሠራተኞች ሰልፍ ወጥተዋል። ከችግሩ ምንጮች አንዱ የውል አሠራሩ ነው፤ የኢፌክት ኩባንያዎች ሥራውን የሚወስዱት በአመዛኙ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ሲሆን፣ የፊልሙ ባለቤቶች ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ለውጥ ይጠይቃሉ። ከላይ «የማዘግየት ነፃነት» ያልነው እዚህ ላይ ሌላ ገጽታውን ያሳያል፤ የዘገየው ውሳኔ ዋጋ አለው፣ ዋጋውንም በሌሊት ሥራ የሚከፍለው ከስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ባለሙያ ነው። በ2023 በማርቭል ስቱዲዮስ የሚሠሩ የቪዥዋል ኢፌክት ሠራተኞች በማኅበር ለመደራጀት በሙሉ ድምፅ መወሰናቸው የዚህ ሁኔታ ቀጣይ ምዕራፍ ተደርጎ ሊታይ ይችላል።

በዚህ ረገድ የአሻንጉሊት ሠሪውና የኮምፒውተር ባለሙያው ዕጣ አንድ ነው። በ2011 ሥራው የተሸፈነበት ወርክሾፕና ሥራው «የለም» የተባለበት የዲጂታል ቡድን የሁለት ተቃራኒ ወገኖች ተጠቂዎች አይደሉም። ሁለቱም ውሳኔው በእጃቸው ያልነበረ ሙያተኞች ናቸው።

ለተመራማሪው የሚቀረው ሥራ

ከላይ ከቀረበው ትንታኔ ለጥናት ዘዴ የሚረዱ ሁለት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛው የትንታኔ መለኪያን ይመለከታል። «ይህ ፊልም ተጨባጭ ነው ወይስ ዲጂታል?» የሚለው ጥያቄ ለአንድ ሙሉ ፊልም ሲቀርብ መልስ አይኖረውም። ጥያቄው ወደ ሾት፣ ከሾትም ወደ ንብርብር መውረድ አለበት። በእያንዳንዱ ሾት ላይ ሦስት ጥያቄዎችን መጠየቅ ይበጃል፦ በቀረጻ ጊዜ በካሜራው ፊት በአካል የነበረው ምንድን ነው? ከዚያ ስፍራ ምን መረጃ ተወስዶ ለኋላው ሥራ አገለገለ? ስለ ምስሉ የመጨረሻ መልክ ውሳኔው መቼና በማን ተሰጠ?

ሁለተኛው ነጥብ የምንጭ ሒስን ይመለከታል። ለፊልም ማስተዋወቂያ የተሰጡ ቃለ ምልልሶችና «ከካሜራ ጀርባ» የሚባሉ አጫጭር ቪዲዮዎች የሽያጭ ዓላማ ያላቸው ሰነዶች ናቸው። የሚናገሩት ሐሰት ባይሆን እንኳ የሚመርጡት አለ፤ የተገነባውን መኪና ያሳያሉ፣ የተሰረዘውን ገመድ አያሳዩም። ከእነርሱ ጎን ለጎን ከ1980 እስከ 2021 ይታተም የነበረው «ሲኔፌክስ» መጽሔትን የመሰሉ ሙያዊ ሕትመቶች፣ የፊልሙ መዝጊያ የስም ዝርዝር፣ የኢፌክት ኩባንያዎች የሚያቀርቧቸው የሾት ማብራሪያዎችና ለሽልማት የሚቀርቡ የቴክኒክ ገለጻዎች መመርመር አለባቸው። የስም ዝርዝሩም ቢሆን በጥንቃቄ የሚነበብ እንጂ የተሟላ ማስረጃ አይደለም፤ በሥራው የተሳተፈ ሁሉ ስሙ ይጻፋል ማለት አይደለምና።

ማጠቃለያ

ተጨባጭና ኮምፒውተር-ወለድ ኢፌክቶች በታሪካቸው ተደጋግፈው የኖሩ ናቸው። የቲራኖሶረሱ እግር የስሌት፣ አፍንጫው የብረት ውጤት ሆኖ ሳለ ተመልካቹ አንድ እንስሳ አይቶ ፈርቷል። አሳማኝነት የሚገኘው ከስልቱ ስም ሳይሆን ከተጨባጩ ዓለም ከተሰበሰበው መረጃ ብዛትና ውሳኔው በጊዜው ከመሰጠቱ ነው። «የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ለማስታወቂያ ይመቻል፤ ለጥናት ግን «ምን፣ መቼ፣ በማን ተወሰነ?» የሚለው ይበልጥ ፍሬ ያፈራል። ይህ ጥያቄ ስለ ምስሉ አሠራር ያለንን ዕውቀት ከማጥራት አልፎ ምስሉን የሠሩትን እጆች ወደ ብርሃን ያወጣል፤ እጆቹ ላቴክስ ያቦኩም ይሁኑ የኮምፒውተር ቁልፍ የተጫኑ።